የጅብ ጥላና የቅድመ አያቶቻችን ጸሎት

ከዱቦ የመጣን ልጆች ሁላችንም አንድ ትዝታ አለን። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ካደረ፣ ጠዋት ከብት ልናሰማራ ስንወጣ ትናንት ባዶ የነበረው መስክ ነጫጭ ጥላ ዘርግቶ ይጠብቀናል። አማርኛው ‹የጅብ ጥላ› ይለዋል፤ መጽሐፉ ደግሞ ‹እንጉዳይ›። ማን ዘራው? ማን ኮተኮተው? ቅጠል የለው፣ አበባ የለው፣ ፍሬ የለው። ከኩይሳ ላይ የሚበቅለውን ዓይነት የሚያውቅ ሰው ለቅሞ ይበላዋል። የማያውቅ ልጅ የነካ እንደሆነ ግን እናት ከሩቅ ‹‹ጣለው! እጅህን ታጠብ!›› ብላ ትጮኻለች። እንግዲህ ለእኛ የጅብ ጥላ ወይ ምግብ ነው፣ ወይ መርዝ ነው። ሌላ ሦስተኛ ነገር ሊሆን እንደሚችል የሰማነው ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው።

አንድ ማታ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ተሰብስበን ስንጫወት ከጓደኞቻችን አንዱ ‹‹ሃይማኖት የሚባለው ነገር ሁሉ የመጣው እኮ ከእንጉዳይ ነው፤ በመጽሐፍ ተጽፏል›› አለን። የጥንት ሰው ርቦት ሲለቅም አንዱን ዓይነት በላ፤ አሰከረው፤ ሰማይ ተከፍቶ አየ፤ ያየውን ለልጁ ነገረ፤ ልጁም ለልጁ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው አለ። እኛም ሳቅን። ቀጥሎ ግን ‹‹ታዲያ እናንተ ወላይታ ውስጥ ቅድመ አያቶቻችሁ ሲጸልዩ የኖሩት የቅጠልና የመርዝ ቅዠት ነበር ማለት ነዋ!›› ሲል ሳቁ ከፊታችን ጠፋ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተከራከርን። እውነቱን ለመናገር፣ ክርክሩ የጩኸት እንጂ የማስረጃ አልነበረም። ስለዚህ ‹‹ከመጮህ ማንበብ ይሻላል›› ተባባልንና መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርን። ያገኘነውን በዚህች ጽሑፍ እናቀርባለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ለተከራካሪያችን የሚገባውን እንስጠው። ነገሩ ከሜዳ የተነሣ ወሬ አይደለም። ጎርደን ዋሰን የሚባል አሜሪካዊ የጄ. ፒ. ሞርጋን ባንክ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። በ1955 ሜክሲኮ ውስጥ ኦሃካ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ኡአውትላ ወደምትባል የተራራ መንደር ሄዶ ማሪያ ሳቢና ከተባለች አዋቂ ሴት እጅ እንጉዳይ ተቀብሎ በላ። ሌሊቱን በሙሉ ራእይ ሲያይ አደረ። በ1957 ታሪኩን ‹ላይፍ› መጽሔት ላይ አወጣው፤ ዓለምም ጉድ አለ። በ1958 አልበርት ሆፍማን የተባለ የስዊስ ኬሚስት ከዚያው እንጉዳይ ሲሎሳይቢን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ዋሰን በዚህ አላበቃም። በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የጥንት ሕንዶች በቬዳ መዝሙራቸው የሚያወድሱት ‹ሶማ› የተባለው አምላካዊ መጠጥ ቀይ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለው እንጉዳይ ነው አለ። በ1978 ደግሞ ከሆፍማንና ከካርል ራክ ጋር ሆኖ፣ በግሪክ ኤሌውሲስ ይፈጸም የነበረው ምሥጢራዊ ሥርዓት በእህል ላይ ከሚወጣ ሻጋታ የመጣ ነው ሲል ጻፈ።

ቤተ ሙከራውም ቢሆን ዝም አላለም። በ1962 የስቅለት ዕለት ቦስተን ውስጥ 20 የነገረ መለኮት ተማሪዎች ጸሎት ቤት ገብተው፣ አሥሩ ሲሎሳይቢን አሥሩ ደግሞ ሌላ ነገር ተሰጣቸው። ሲሎሳይቢን ከወሰዱት አብዛኞቹ ጥልቅ የሆነ መንፈሳዊ ስሜት እንደተሰማቸው ተናገሩ። በ2006 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ36 ፈቃደኞች ላይ ተመሳሳይ ጥናት አውጥተው፣ ከተሳታፊዎቹ ሁለት ሦስተኛው ያን ቀን በሕይወታቸው ካዩአቸው አምስት ታላላቅ ነገሮች ውስጥ ቆጠሩት። እንግዲህ ‹‹እንጉዳይ ምንም አያሳይም›› የሚል ሰው ካለ ተሸንፏል። ያሳያል።

ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። የቦስተኖቹ ተማሪዎች የክህነት ትምህርት ላይ ያሉ ልጆች ነበሩ። ቀኑ ስቅለት ነው። ቦታው ጸሎት ቤት ነው። ስብከቱ ይሰማል፣ ዜማው ይሰማል። የ2006ዎቹም ቢሆኑ አስቀድሞ መንፈሳዊ ልማድ የነበራቸው፣ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ሙዚቃ ተከፍቶላቸው የተኙ ናቸው። ታዲያ እንጉዳዩ ሃይማኖትን ፈጠረ ነው የምንለው ወይስ ሃይማኖት ቤቱን ሠርቶ ካበቃ በኋላ እንጉዳዩ በእንግድነት ገባ? ጥያቄያችን ይህች ናት።

የሁሉንም ጫፍ የያዘው ጆን አሌግሮ ነው። አሌግሮ ተራ ሰው አልነበረም። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር፤ ከ1953 ጀምሮም በሙት ባሕር አጠገብ የተገኙትን ጥቅሎች ከሚያነቡት ሊቃውንት አንዱ ነበር። በ1970 ባወጣው መጽሐፍ ግን ኢየሱስ የሚባል ሰው በምድር ላይ አልኖረም፣ ስሙ የእንጉዳይ ምሥጢራዊ መጠሪያ ነው እስከ ማለት ደረሰ። ማስረጃው ምንድን ነው? የቃላት ዘር ነው። የዕብራይስጡንም የግሪኩንም ቃል ወደ ሱመርኛ እየወሰደ ‹‹ይኸም እንጉዳይ ማለት ነው፣ ያም እንጉዳይ ማለት ነው›› ይላል። ሱመርኛ ደግሞ ከሁለቱም ጋር ዝምድና የሌለው ቋንቋ ነው፤ አሌግሮ ከተጠቀመባቸው ቃላትም ብዙዎቹ በየትኛውም የሸክላ ጽሑፍ ላይ ያልተገኙ፣ እሱ ራሱ ‹‹ሊኖሩ ይችላሉ›› ብሎ የገጣጠማቸው ናቸው። መጽሐፉ እንደወጣ የእንግሊዝ ሊቃውንት፣ የገዛ መምህሩ ጎድፍሬይ ድራይቨርም ጭምር፣ ‹ታይምስ› ጋዜጣ ላይ የተቃውሞ ደብዳቤ ፈርመው አወጡ። እንደ አሌግሮ መንገድ ከሆነ እኛም ‹ዱቦ›ን ከ‹ዳቦ› አውጥተን፣ ‹‹ወላይታ የስንዴ አምልኮ መነሻ ናት›› ብለን ለመጻፍ ምን ያቅተናል? የእንሰት አገር መሆኗ ብቻ ነው የሚያስቸግረን!

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አሌግሮ ያነበባቸው ጥቅሎች በተገኙበት በቁምራን፣ በ1952 በአራተኛው ዋሻ ውስጥ ከወጡት ብጥስጣሽ ብራናዎች መካከል በአራማይክ የተጻፈ መጽሐፈ ሄኖክ ነበር። ያ መጽሐፍ ግን ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በአንድ ቋንቋ ብቻ ነው፤ ይኸውም በግዕዝ። አውሮፓ ያወቀውም ጄምስ ብሩስ በ1773 ከኢትዮጵያ ይዞት ከተመለሰ በኋላ ነው። ታዲያ ሃይማኖትንና ዕፅን የሚያገናኝ ጥንታዊ ቃል የሚፈልግ ሰው በሱመርኛ ከሚባዝን ይልቅ ይህን መጽሐፍ ለምን አይገልጥም?

ሄኖክ ስለ ዕፅ በግልጽ ይናገራል። ሁለት መቶ መላእክት ከሰማይ ወረዱ፣ የሰውን ሴቶች ልጆች አገቡ፣ ሥራይን፣ ጥንቆላንና ሥር መቁረጥን አስተማሯቸው ይላል። ልብ እንበል። ሥር መማስ ለሰው የደረሰው ከእግዚአብሔር አይደለም፤ ከወደቁት መላእክት ነው። ‹ሥራይ› የሚለው የግዕዝ ቃል ራሱ መድኃኒትም ነው፣ አስማትም ነው። በዛሬው አማርኛችን ‹መድኃኒት› ስንል ሐኪም የሚሰጠውንም፣ ጠላት የሚያስደርገውንም እንደምንል ማለት ነው። ሄኖክ ራሱ ራእይ ያየው እንዴት ነው ብለን ብንጠይቅስ? መጽሐፉ አልደበቀንም። በዳን ውሃ አጠገብ ተቀምጦ የልመናቸውን ጽሑፍ ሲያነብ ሲያነብ እንቅልፍ ወሰደው፤ በሕልሙ አየ። ቅጠል አልቀመሰም። የኛም መነኮሳት ራእይ የሚፈልጉት በሱባኤ፣ በጾምና በእንቅልፍ ማጣት ነው። ረኃብና ድካም ያለ ምንም እንጉዳይ ሰማይን እንደሚከፍት ገዳም የገባ ሁሉ ያውቀዋል።

‹‹እሺ፣ መጽሐፉን ተዉት፤ ደብተራውስ?›› የሚል ይኖራል። ደግ ጥያቄ ነው። አገራችን ውስጥ አስተናግር የሚባል ተክል አለ፤ አጠፋሪስ የሚሉትም አሉ። በየቆሻሻ መጣያውና በየመንገዱ ዳር ይበቅላል። ስሙ ራሱ ‹‹የሚያናግር›› ማለት ነው፤ የቀመሰው ሰው ይቀባጥራል፣ የሌለ ነገር ያያል፤ የበዛበትም ይሞታል። የእንጉዳይ ነገር ወዳጆች ‹‹ይኸውላችሁ፣ አስማታችሁ ከዚህ ነው የመጣው!›› ሳይሉ አይቀሩም። ይሁንና የዕፀዋት ሊቃውንት አብዛኞቹ እንደሚስማሙበት የአስተናግር የትውልድ አገር አሜሪካ ነው፤ ወደዚህኛው የዓለም ክፍል የተሻገረው ከ1492 ወዲህ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግን ከ1434 እስከ 1468 ነግሦ በዘመኑ ጠንቋይና አስማተኛ ሲያሳድድ ኖሯል። እንግዲህ አስማቱ ቀድሞ ነበር ማለት ነው። ተክሉ ኋላ መጣ፤ የመናፍስቱ ስም ዝርዝር ተጽፎ፣ ክታቡ ተሰፍቶ ሲጠብቀው አገኘ፤ ስምም ወጣለት። ሥርዓቱ ተክሉን ቀጠረው እንጂ ተክሉ ሥርዓቱን አልወለደውም።

ከዚህም የባሰ ታሪክ አለን፤ ሌባ ሻይ። ንብረት የጠፋበት ሰው ለሹሙ ያመለክታል። ሌባ ሻዩ ይጠራል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ተመርጦ መድኃኒት የተበጠበጠበት ወተት ይጠጣል፣ ጭስ ይስባል። ልጁ ይደነዝዛል። ወገቡን በመቀነት አስረው ሎሌዎች ከኋላው ይይዙታል። እየተንገዳገደ ከመንደር መንደር ይዞራል፤ በመጨረሻም ገብቶ የወደቀበት ቤት ጌታ ‹‹ሌባ አንተ ነህ፣ ክፈል!›› ይባላል። ይህ ተረት አይደለም። የውጭ አገር ተጓዦች በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በዓይናቸው አይተው ጽፈውታል፤ ኋላም በመንግሥት ትእዛዝ ተከለከለ። ታዲያ ልጁ ምን አየ? መላእክት አየ? አላየም። እንዲያይ የተፈለገው ሌባ ነበረና ሌባ አሳየ። ያው ቅጠል በሌላ አገር፣ በሌላ ሥርዓት እጅ ቢገባ አምላክ ባሳየ ነበር። ዳኛና ሹም እጅ ገብቶ ግን ተከሳሽ አሳየ። ዕዳውንም የከፈለው በሩን ከፍቶ የተቀመጠው ድሃ ነው።

በ1978ቱ መጽሐፍ የተወደሰው የእህል ሻጋታም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1977 እና 78 ወሎ ውስጥ ሻጋታው የያዘው ስናር ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ተበላ፤ በ2001 ደግሞ አርሲ ውስጥ እንደዚሁ ሆነ። ስናሩን ለቅሞ ለመጣል የተረፈ እህል ያልነበረው ገበሬ እንዳለ ፈጭቶ በላው። የመጣው ግን ራእይ ሳይሆን ጋንግሪን ነው፤ የሰው እጅና እግር ጠቁሮ ሞተ። የመጽሐፉ ደራሲዎች የግሪክ ካህናት መርዙን ከራእዩ የሚለዩበት ዘዴ ነበራቸው ይላሉ። ይሁን እንበል። እንዲያም ቢሆን ከሻጋታው በፊት ካህን፣ ዘዴና ሥርዓት ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ተመልሰን እዚያችው ጥያቄ ላይ ወደቅን።

የቡናን ነገር ደግሞ እዩት። የመን ውስጥ በ15ኛው መቶ ዓመት ሱፊዎች ሌሊት ለዚክር ነቅተው እንዲያድሩ ቡና ይጠጡ ነበር። በ1511 መካ ላይ ‹‹ያሰክራል›› ተብሎ ተከለከለ። በትውልድ አገሩ በኢትዮጵያ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ‹‹የእስላም ነው›› ብላ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ስትርቀው ኖራለች። እኛ ወላይታዎች ዘንድ ቅጠሉ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተፈልቶ ሃይታ ቱኬ ይሆናል፤ ጎረቤት ይጠራበታል፣ ጠብ ይበርድበታል። ያው አንድ ተክል ነው! ለአንዱ የጸሎት ምርኩዝ፣ ለሌላው ኃጢአት፣ ለሦስተኛው ጉርብትና ሆነ። ትርጉሙ ቅጠሉ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም አንድ ነገር ባዩ ነበር። ‹‹ፍየሎቹ ሲዘሉ አይቶ ቡናን ያገኘው እረኛ›› የሚለውን ተረት እንኳ ከአያቶቻችን የወረስነው ይመስለናል፤ መጀመሪያ ታትሞ የወጣው ግን በ1671 ሮም ላይ፣ ፋውስቱስ ናይሮን በተባለ ማሮናዊ ሊቅ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ‹‹ሁሉ ነገር ከአንድ ተክል ጀመረ›› የሚል ታሪክ ሰው ሁሉ ስለሚወድ ቶሎ ይዋጣል።

አሁን ወደ ወላይታ፣ ጓደኛችን ሳቃችንን ወደ አጠፋበት ቦታ እንምጣ።

በ1894 የምኒልክ ጦር ወላይታ ገባ። ንጉሥ ጦና ቆስሎ ተማረከ፤ አገሩ ተቃጠለ፤ ሰዉና ከብቱ ተነዳ። ከዚያ በኋላ የመጣው የገባር ዘመን ነው። ከላይ ባለርስቱ ይጠይቃል፤ ከታች ደግሞ መናፍስቱ ይጠይቃሉ። ልጅ ሲታመም በግ ይታረዳል፣ ዝናብ ሲዘገይ በሬ ይታረዳል፣ ጠንቋዩም ድርሻውን ይወስዳል። ገባር ሆኖ ሁለት ጌታ ማብላት እንዴት ይቻላል? ከአንድ ትውልድ በኋላ፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ ከጋሞ ደጋ ኤሳ የተባለ ሰው ተነሣ። መልእክቱ አጭር ነበር። ‹‹ለሰይጣን አትሠዉ፤ ሰማይን የፈጠረውን ጦሳን ብቻ ለምኑ፤ አትስረቁ፣ አትግደሉ።›› ሰዎች ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ወደ ሰማይ እየረጩ እንዲጸልዩ አስተማረ። ቃሉ ወላይታ ድረስ ዘለቀ። ገዢዎቹ ሕዝብ ሲሰበሰብ ደስ አላላቸውምና አሰሩት።

የእንጉዳይ ወዳጃችን እዚህ ላይ ‹‹ማር አላችሁ? ምናልባት ማሩ ውስጥ . . .›› ሊለን ይችላል። የለም ወንድም! ማሩ ወደ ሰማይ ተረጨ እንጂ አልተጠጣም። ኤሳን ለመረዳት ኬሚስት አያስፈልግም፤ 1894ን ማወቅ ያስፈልጋል። በሬው ያለቀበት ሕዝብ በሬ የማይጠይቅ አምላክ ሲሰማ ጆሮው ቆመ። በ1928 የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ሶዶ ሲደርሱ፣ የካፑቺን ካቶሊክ አባቶችም በዱቦ ሲያስተምሩ፣ ‹‹አንድ አምላክ›› የሚለው ቃል ቀድሟቸው መጥቶ አገኙት። በ1937 ጣሊያን ፕሮቴስታንቶቹን ከወላይታ ሲያስወጣቸው ትተውት የሄዱት ምእመን ሃምሳ አይሞላም ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን በሺህ የሚቆጠር ሆኖ ጠበቃቸው። መከራ የጠና ዘመን ነበርና ሰዎች እርስ በርስ እየተማማሩ፣ እየታሰሩና እየተገረፉ አደረጉት። ይህን ሁሉ ‹‹ቅዠት›› ብሎ መሰረዝ ቅድመ አያቶቻችንን ሁለተኛ መዝረፍ ነው። አንደኛ ጊዜ ከብታቸው ተወሰደ፤ አሁን ደግሞ ምክንያታቸው ሊወሰድ ነው።

ነገሩን የከፋ የሚያደርገው፣ ‹‹ሁሉ ከእንጉዳይ ነው›› የሚለው ወሬ እንጉዳዩ ያለበትን ሕዝብ እንኳ አለመጥቀሙ ነው። ማሪያ ሳቢና እንጉዳዮቹን ‹‹ቅዱሳን ልጆች›› ትላቸው ነበር፤ የምትበላቸውም በሽተኛ ለማዳን እንጂ አምላክ ለመጎብኘት አልነበረም። የዋሰን ጽሑፍ ከወጣ በኋላ ፈረንጁ መንደሯን አጥለቀለቀው። ፖሊስ መጣ። የገዛ ጎረቤቶቿ ጠሏት፤ ቤቷም ተቃጠለ። ‹‹ባዕድ ከነካቸው ወዲህ ኃይላቸው ሄደ›› ስትል በድህነት ኖራ በ1985 ሞተች። ዋሰን ከእንጉዳዩ ያገኘው ዝና ነው፤ እሷ ያገኘችው ደግሞ ይኸንን ነው።

እንግዲህ ምን እንላለን? ሳይንስን አንፈራም። እንጉዳይ የሰውን አእምሮ እንደሚለውጥ ተረጋግጧል፤ በአንዳንድ ሕዝቦች ሥርዓት ውስጥም ቦታ አለው። ግን ተክል መልስ አይሰጥም፤ መልስ የሚሰጠው ጥያቄ ያለው ሰው ነው። ስለ አንድ ሕዝብ እምነት ስንጽፍ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ‹‹ምን በሉ?›› ብለን ሳይሆን ‹‹ምን ደረሰባቸው? ምን ፈለጉ?›› ብለን ነው። ያ ጓደኛችንም ይህን ጽሑፍ ሳይታተም አንብቦት ‹‹ግማሹን እቀበላለሁ›› ብሎናል። ግማሹም አይናቅም።

የቀረውን ግማሽ የምናገኘው ከመጻሕፍት ቤት አይመስለንም። ኤሳን የሰሙ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በየቀያቸው አሉ፤ ወላጆቻቸው የነገሯቸውን ያስታውሳሉ። ከዓመት ዓመት ግን ቁጥራቸው እየሳሳ ነው። ስለዚህ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከዳውሮ የመጣችሁ ሁሉ፣ በሚመጣው ክረምት አገር ቤት ስትገቡ ደብተር ያዙ። ሃይታ ቱኬ ሲፈላ አጠገባቸው ተቀመጡና ጠይቁ። እኛም ከዱቦ እንጀምራለን። ጠዋት መስክ ላይ የጅብ ጥላውን ስናይም እንደ ድሮው እጃችንን ሰብስበን እናልፋለን።